እንግዳ ሁሌም «ለሽ ብዬ ነው ያደርኩት» ነው የሚለው

እንግዳ አድሮ ጠዋት «አልጋው ተመቸህ ወይ» ሲባል «ኧረ ወገቤን ቆረጠው» ብሎ የመለሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁሉም «ኧረ ለሽ ብዬ ነው ያደርኩት» ነው የሚለው፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ ከወንበር ሲነሳ ወገቡን ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚነሳው። የእንግዳ አልጋ ጣጣው ይሄ ነው፣ የገዛው ሰው አይተኛበትም፣ የሚተኛበት ሰው ደግሞ ይሉኝታ ይይዘውና እውነቱን አያወራም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ አልጋ ለዓመታት ሰው ሲያሰቃይ ኖሮ የቤቱ ባለቤት ግን «እንግዶቻችን እኮ በጣም ነው የሚወዱት» እያለ ለሌላ ሰው ይመክራል።

ስለዚህ እንግዳውን ትታችሁ አልጋውን መርምሩ። አንሶላ ስትቀይሩ ብዙ ነገር ይታወቃል። የባለቤቴ አክስት እኛ ጋ አድረው የሄዱ ጊዜ አንሶላውን ስናነሳ፣ ከበረዳቸው ብለን ያስቀመጥንላቸው ብርድ ልብስ ለሁለት ታጥፎ ከአንሶላው ስር፣ ልክ ዳሌ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተነጥፎ አገኘነው። በዛ ላይ ጠዋት ሲመርቁን ነበር እኮ! ቦታው ላይ እጄን ጫን ሳደርግ የሶፋ ቤዱ ብረት በፍራሹ አልፎ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ሌላም ምልክት አለ፣ ትራስ እግርጌ በኩል ከተገኘ ወይ አልጋው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው ወይ የሆነ መብራት ፊት ላይ እያበራ ነው፣ ፍራሹ ወለል ላይ ወርዶ ካደረ ደግሞ ርብራቡ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ሲንቋቋ አድሯል ማለት ነው።

እና ሰሞኑን አዲስ የእንግዳ አልጋ ስናማርጥ ነበር። እንግዳ የሚያድርባት ክፍላችን 2 ሜትር ከ50 በ3 ሜትር ናት፣ ቀን ላፕቶፕና ፕሪንተር ያለበት የስራ ክፍል ናት፣ ማታ ልብስ ይተኮስባታል፣ የማይፈለግ ዕቃ ሁሉ ደግሞ መጨረሻው እዛው ነው። እንደዚህ አይነት ክፍል ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ያየሁትን ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የሚመጣው ማን ነው የሚለው ነው። አልጋውን ከማየታችሁ በፊት ማለቴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣባችሁ ወጣት የአጎት ልጅ ከሆነ ወለል ላይ ጥሩ ፍራሽ ዘርግታችሁለት ያለ ምንም ችግር ይተኛል። የሚመጡት ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ከሆኑ ግን ቁመቱ ከምቾቱ እኩል ነው፣ ቁጭ ሲሉ እግራቸው መሬት ረግጦ ጉልበታቸው በግምት በ90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት፣ ለብዙ ሰው ይሄ ከወለል እስከ ፍራሹ ጫፍ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ነው። 20 ሴንቲ ከፍታ ያለው ነገር ላይ መተኛቱ ቀላል ነው፣ ሌሊት ለሽንት መነሳቱ ነው ፈተናው። ባልና ሚስት ከነህጻን ልጅ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ሜትር ነው። ሰው ሁሉ የሚለካው አልጋው ታጥፎ ሳለ ነው፣ ሻጩም የሚያሳየው ታጥፎ ሳለ ያለውን ነው፣ መለካት ያለበት ግን ተዘርግቶ ሳለ ነው። ወደ ፊት የሚሳብ ሶፋ ቤድ ሲዘረጋ ከግድግዳው እስከ 2 ሜትር ከ20 ወይም ከዛ በላይ ይወጣል። እንደኛ ክፍል 2 ሜትር ከ50 በሆነው በኩል ከዘረጋችሁት እግርጌ የሚቀራችሁ 30 ሴንቲ ነው፣ ጠረጴዛው የት ሊሄድ ነው? ሰው ያለ ችግር እንዲያልፍ ቢያንስ 60 ሴንቲ ያስፈልጋል። ቀላሉ ዘዴ የወረቀት ፕላስተር ይዛችሁ የተዘረጋውን አልጋ ልክ ወለሉ ላይ ለጥፋችሁ፣ በሩን ክፈቱ፣ የቁም ሳጥኑን በር ክፈቱ፣ መሳቢያ ሳቡ፣ ከዛ በፕላስተሩ ዙሪያ ተራመዱ። እኛ ጋ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለሆነ ካሰብናቸው ግማሾቹ በዚችው ፕላስተር ወደቁ።

አሁን ወደ አይነቶቹ።

ሶፋ ቤድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ነው፣ እኔ ግን ለትንሽ ክፍል ብዙም አልወደውም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ፍራሹ ሶፋው ውስጥ ታጥፎ መግባት ስላለበት ቀጭን መሆን ግዴታው ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ቢሆን ነው፣ ከስሩ ደግሞ የሚታጠፍ ብረት አለ፣ ብረቱ የሚያልፈው ልክ ወገብ ጋ ነው። መደገፊያው ወደ ኋላ ተጋድሞ አልጋ የሚሆነው አይነት ደግሞ ብረቱ የለውም ግን መቀመጫውና መደገፊያው የሚገናኙበት መሀል ላይ ስንጥቅ አለው፣ አንድ ሰው ከስንጥቁ ወዲህ ብቻውን ከተኛ ይመቸዋል፣ ሁለት ሲሆኑ ግን ወይ አንዱ ስንጥቁ ውስጥ ያድራል ወይ በመሀላቸው ድንበር ይሆናል። ሶፋ ቤድ የግድ ከሆነባችሁ ከላዩ የሚነጠፍ 5 ሴንቲ የሚሆን ጥሩ ስፖንጅ ጨምሩበት፣ ለውጡ የትየለሌ ነው። ግን ያ ስፖንጅም ቀን ቀን የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል፣ ይሄን ማንም አያስበውም።

ግድግዳ ላይ ተነስቶ ቁም ሳጥን የሚመስለው አልጋ በቦታ ቁጠባ አቻ የለውም። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዊሊያም ሎውረንስ መርፊ የሚባል ሰው ነው ታዋቂ ያደረገው፣ እሱም የሚኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። እስከዛሬ አሜሪካ ውስጥ የዚህ አይነት አልጋ «መርፊ» ነው የሚባለው፣ ስሙ የሁሉም ሰው ከመሆኑ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ፍርድ ቤት «ይሄ ከእንግዲህ የአንድ ድርጅት የንግድ ምልክት አይደለም» ብሎ ወሰነ። ዋናው ጥቅሙ ውስጡ ያለው ፍራሽ የእውነት ፍራሽ መሆኑ ነው፣ 20 ሴንቲ እና ከዛ በላይ ውፍረት ያለው ይገባል፣ አይታጠፍም፣ ሲዘጋ ደግሞ ከግድግዳው የሚወጣው በግምት 40 ሴንቲ ብቻ ነው። ክፍላችሁ ጠባብ ከሆነ ደግሞ በቁመት የሚቆመውን ትታችሁ በጎን የሚታጠፈውን እዩ፣ የአንድ ሰው ከሆነ ተዘርግቶ ከግድግዳው አንድ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው የሚወጣው።

ጣጣው ግን ግድግዳ ነው። አልጋው ከግድግዳው ጋር ስለሚታሰር ግድግዳው ኮንክሪት ወይም ጠንካራ ጡብ ከሆነ ደህና፣ ጂፕሰም ከሆነ ግን ከኋላው ያለውን ዋናውን ቋሚ ፈልጎ ካልታሰረ አደገኛ ነው፣ ብሎኑ ተነቅሎ አልጋው ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ በዚህ ቀልድ የለም፣ የሚያስረውም እውቀቱ ያለው ሰው ይሁን። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ አከራዩን አናግሩ። ሌላው፣ አልጋውን የሚያግዙት የጋዝ ፒስተኖች የሚመረጡት ለፍራሹ ክብደት ነው፣ በኋላ ከባድ ፍራሽ ብትቀይሩበት ሲወርድ ይጋልባል፣ በጣም ቀላል ብታደርጉበት ደግሞ ወርዶ አልቀመጥም ይላል።

የአየር ፍራሽ... በዓመት አንዴ ሰው ለሚመጣበት ቤት እሺ። ሲነፋ ከፍ ያለውን ከገዛችሁ ቁመቱም ጥሩ ነው። ግን ሌሊት ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየርም ይቀዘቅዝና ግፊቱ ይቀንሳል፣ ፕላስቲኩም አዲስ ሲሆን ይለጠጣል፣ ለዛ ነው ሳይቀደድ ጠዋት ለስልሶ የሚገኘው፣ ሰው ግን «ተበሳ» ብሎ ይጥለዋል። ብርዱ ደግሞ ከስር ነው የሚመጣው፣ ውስጡ ያለው አየር ስለሚንቀሳቀስ የሰውነትን ሙቀት ወደ ወለሉ ይወስደዋል፣ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ብትደርቡ አይረዳም፣ አንዱን ከአንሶላው ስር አንጥፉት።

ሦስት ቦታ የሚታጠፍ ስፖንጅ ፍራሽ ብዙ ሰው ይንቀዋል ግን ከመጥፎ ሶፋ ቤድ መቶ በመቶ ይሻላል። ጃፓኖች ፉቶን የሚሉትን የሚታጠፍ ፍራሻቸውን ማታ ወለሉ ላይ ዘርግተው ጠዋት አጥፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ይከታሉ፣ ክፍሉ ቀን ለሌላ ስራ ነጻ ነው፣ እንደኛ ላለ ክፍል ሀሳቡ ቁጭ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ከሰው ሰውነት የሚወጣው እርጥበት ወደ ታች ወርዶ ወለሉና ፍራሹ መሀል ስለሚቀር ጠዋት ሳይነሳ ከቀረ ይሻግታል፣ እያነሳችሁ ግድግዳ ላይ አቁሙት።

ስለ ስፖንጅ ካወራን አይቀር ሻጭ ሁሉ «ይሄ ኦርጅናል ነው፣ አይሰምጥም» ይላችኋል። ጠንካራ መሆኑና እምቅ (ውስጡ ጠቅጠቅ ብሎ የሞላ) መሆኑ የተለያየ ነገር ነው፣ ሲነኩት ጠንካራ የሆነ ግን ውስጡ ባዶ የሆነ ስፖንጅ አለ፣ እሱ ነው በትንሽ ጊዜ ውስጥ ጎድጉዶ የሚቀረው። ማወቂያው ክብደቱ ነው። ለምሳሌ 90 በ190፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ የሆነ ስፖንጅ መጠኑ በግምት ሩብ ኪዩቢክ ሜትር ነው፣ እምቅነቱ በኪዩቢክ ሜትር 30 ኪሎ ነው ካሏችሁ ስፖንጁ ብቻውን ወደ 7 ኪሎ ተኩል ግድም መምጣት አለበት፣ 18 ከሆነ ደግሞ 4 ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የሰው ሚዛን ካለ ይዛችሁት ውጡበት፣ ከዛ ሳትይዙት ውጡ፣ ልዩነቱን አስሉ፣ በቃ። አልፎ አልፎ ለሚተኛበት 25 እና ከዛ በላይ ደህና ነው። ከዛ በጉልበታችሁ ተንበርከኩበት፣ ጉልበታችሁ ጣውላውን ካገኘው በጎኑ የሚተኛ ሰው ዳሌም ሌሊት ያገኘዋል። ርብራብ ላይ የሚነጠፍ ከሆነም በጣውላዎቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ7 ወይ 8 ሴንቲ አይብለጥ፣ ካለበለዚያ ስፖንጁ በክፍተቱ ይሰረጉዳል።

እኛ ምን ያዝን? ግድግዳ ጥግ የሚቀመጥ 90 በ200 የሆነ ተራ አልጋ፣ ከስሩ በጎማ ተስቦ የሚወጣ ሁለተኛ አልጋ ያለው። ቀን ጀርባው ላይ ትላልቅ ትራሶች ተደርድረው መቀመጫ ነው፣ ማታ ትራሶቹን ማንሳት ብቻ ነው፣ የሚታጠፍ ነገር የለ፣ የሚሰበር ማጠፊያ የለ። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም እንግዳ ደክሞት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ገብቶ እናንተ ጠረጴዛ ስትገፉና ብረት ስታንኳኩ ቆሞ ካያችሁ፣ «አስቸገርኳችሁ» እያለ እንቅልፉ እዛው ይጠፋል። ለባልና ሚስት የታችኛው ወጥቶ ከላይኛው እኩል ከፍ የሚለውን አይነት ፈልጉ፣ ከፍ የማይለው ከሆነ አንዱ ላይ አንዱ ታች ነው የሚያድሩት፣ ህጻን ልጅ ካላቸው ግን ታችኛው ይመረጣል፣ ቢወድቅም ከፍታው ምንም አይደለም። የታችኛው ፍራሽ ስር መግባት ስላለበት ቀጭን ነው፣ ስለዚህ ከተቻለ እሱ ላይ ልጆችን ነው የማስተኛው።

እና ከገዛችሁ በኋላ አንድ ሌሊት ራሳችሁ እደሩበት። ለአስር ደቂቃ ጋደም ማለት ዋጋ የለውም፣ ለአስር ደቂቃ ማንኛውም ነገር ይመቻል። በሩን ዘግታችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ እስከ ጠዋት። አልጋውን ብቻ ሳይሆን ክፍሉንም ታውቁታላችሁ፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ሶኬቱ ከትራሱ ይርቃል፣ መብራት ማጥፊያው በሩ ጋ ስለሆነ አጥፍታችሁ በጨለማ ስትመለሱ የጠረጴዛው እግር ጣታችሁን ይላችኋል፣ የራውተሩ ሰማያዊ መብራት ፊታችሁ ላይ ነው፣ የእንግዳ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታም የለም። ለሁሉም መፍትሄው ቀላል ነው፣ አንድ ኤክስቴንሽን፣ አንድ ትንሽ መብራት፣ በሩ ጀርባ ልብስ መስቀያ፣ ራውተሩ ላይ ቁራጭ ፕላስተር። ፕሪንተሩን ደግሞ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ አንዳንዱ ሌሊት በራሱ ተነስቶ ራሱን ያጸዳል፣ ድምጹን የማያውቅ ሰው ሌባ የገባ ነው የሚመስለው።