የትሬለሬን ጎማ ስቀይር፦ ከብራንዱ በፊት ሚዛን

የትሬለር ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። የመኪናችን ጎማ በየቀኑ ስለሚሄድ ጥርሱ ይላጣል፣ እኛም "ደረሰ" ብለን እንቀይራለን። ለካምፕ የምንጎትተው ትሬለር ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚከርመው። ፀሐይ ይመታዋል፣ ብርድና ሙቀት ይፈራረቁበታል፣ ሙሉ ክብደቱን ተሸክሞ ወራት ያልፋሉ። ላስቲኩ ውስጥ ውስጡን ይደርቃል። ላይ ላዩን ስታየው ግን ገና አዲስ ነው የሚመስለው።

የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ሰመር ሲመጣ ቤተሰቤን ይዤ ወደ ተራራው፣ አንዳንዴም ወደ ዩታ እንሄዳለን። ትሬለራችን ባለ ሁለት አክስል (የግራና የቀኙን ጎማ የሚያያይዘው ዘንግ) ነው፤ አራት ጎማና አንድ እስኮርታ አለው። በ2025 የጸደይ ወር ለጉዞ ሳዘጋጀው ጎማዎቹን አንድ በአንድ በመዳፌ ዳሰስኳቸው። አንደኛው ላይ፣ ጥርሱ መሃል፣ አበጥ ያለ ቦታ አገኘሁ። በዓይን ብዙ አይለይም፣ እጅ ሲያልፍበት ግን ይታወቃል። ይህ ውስጥ ያለው የብረት ቀበቶ ከላስቲኩ መላቀቅ መጀመሩን የሚናገር ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ጎማ በሀይዌይ ፍጥነት ከፈነዳ ጉዳቱ በራሱ አያበቃም። የተገነጠለው ላስቲክ እንደ ጅራፍ እየተወነጨፈ የትሬለሩን ወለል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን፣ አንዳንዴም የጋዝና የውሃ ቱቦውን ይዞት ይሄዳል።

ከዚያ የዶት (DOT) ቁጥሩን ፈለግኩ። ጎማው ጎን ላይ "ዶት" ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ፊደልና ቁጥር ይደረደራል። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ጎማው የተመረተበትን ጊዜ ይነግሩሃል፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን። የእኔዎቹ 1119 ይላሉ። በ2019፣ በ11ኛው ሳምንት ተመረቱ ማለት ነው። ቀኑ ያለበት ሙሉ ቁጥር በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ የሁለቱን ለማንበብ ባትሪ ይዤ ትሬለሩ ስር መግባት ነበረብኝ። የትሬለር ጎማ ጥርሱ ምንም ያህል ቢኖረው ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በላይ አይነዳበትም የሚለው ምክር የተለመደ ነው። የእኔ ስድስት ሞልቶታል። ስለዚህ ያበጠውን ብቻ ሳይሆን እስኮርታውን ጨምሮ አምስቱንም ለመቀየር ወሰንኩ።

ወደ ጎሚስታ ከመሄዴ በፊት ከባድ መኪና ለሚነዳ ጓደኛዬ ደወልኩ። ከእኛ ሰው በጭነት መኪና ሥራ የተሰማራው ብዙ ነው፤ ስለ ጎማና ስለ ክብደት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አላገኘሁም። የትኛው ብራንድ እንደሚሻል ነበር የጠየቅኩት። እሱ ግን "ብራንዱን ተወው፤ መጀመሪያ ክብደትህን እወቅ። ለጉዞ እንደምትወጣ አድርገህ ጫነውና ስኬል ላይ አውጣው" አለኝ። ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

እንዳለኝ አደረግኩ። የውሃ ታንከሩን ሞላሁ፤ አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን ታንከሩ ሙሉ ሲሆን ብቻውን ትልቅ ጭነት ነው። ምግቡ፣ ወንበሩ፣ የቡናው ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ፣ የልጆቹ ብስክሌት፣ ሁሉም በየቦታው ገባ። ከዚያ የጭነት መኪናዎች ወደሚቆሙበት ማደያ ሄጄ ካት ስኬል የሚባለው የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሚዛኑ የተለያዩ መድረኮች አሉት፤ የፒክአፑን የፊት እግር፣ የኋላ እግሩንና የትሬለሩን አክስሎች ለየብቻ ይመዝናል። ቀጥሎ ትሬለሩን ፈትቼ ፒክአፑን ብቻውን አስመዘንኩት። ከጠቅላላው ላይ ስቀንሰው ትሬለሩ 6,900 ፓውንድ ሆነ። ከዚህ ውስጥ 6,120ው በራሱ አክስሎች ላይ ያረፈ ነው፤ የቀረው በመጎተቻው በኩል ፒክአፑ ላይ ይጫናል።

6,120ን ለአራት ስታካፍለው ለአንድ ጎማ 1,530 ፓውንድ ይደርሳል። ከፋብሪካ የመጣው ጎማ ኤስቲ (ለትሬለር የሚሠራ ጎማ) 205/75 አር 14 ነው፤ የጭነት ደረጃው "ሲ"፣ በ50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) እስከ 1,760 ፓውንድ ይሸከማል። በአማካዩ ካየኸው በቂ ይመስላል። ነገር ግን ትሬለር በአራቱም እግሩ እኩል አይቆምም። የእኛ ፍሪጅ፣ ምድጃና ወደ ውጭ የሚገፋው ክፍል ሁሉም በግራ በኩል ናቸው። እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው በተንቀሳቃሽ ሚዛን የሚለኩ የካምፒንግ ክበቦች ስላሉ እዚያ ወስጄ አስለካሁት። የግራ ፊተኛው 1,690 መጣ። የግራ ኋለኛው 1,640። በቀኝ 1,380 እና 1,410።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ከባዱን የሚሸከመው ጎማ የቀረው ትርፍ 70 ፓውንድ ብቻ ነው። ያውም ንፋሱ ልክ 50 ሲሆን። የጎማ አቅም የሚለካው በውስጡ ባለው ንፋስ ስለሆነ ጥቂት ፒኤስአይ ብቻ ቢጎድል አቅሙ ከጭነቱ በታች ይወርዳል። አቅሙ ከጭነቱ ያነሰ ጎማ ጎኑ ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ ቀበቶውን ያላቅቃል። ያ እብጠት ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ያበጠው ጎማ የግራ ፊተኛው ነበር።

ትሬለሩን የሠራው ፋብሪካ ሕግ አልጣሰም። የትሬለሩ ከፍተኛ የተፈቀደ ክብደት 7,000 ነው፤ አራት ጊዜ 1,760 ደግሞ 7,040። በወረቀት ያልፋል። መንገድ ላይ ግን ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ትርፍ አይባልም። ይህን ስጽፍ አሁንም ይከነክነኛል፤ በጥቂት ዶላር ልዩነት የተሻለ ጎማ መግጠም ይቻል ነበር።

ስለዚህ ያንኑ መጠን፣ በደረጃ "ዲ" ፈለግኩ። ድሮ ስምንት ፕላይ (ባለ ስምንት ንብርብር) ይባል የነበረው ነው። በ65 ፒኤስአይ 2,040 ፓውንድ ይሸከማል። ለ1,690ው ጎማ 350 ፓውንድ ትርፍ ይሰጠኛል። መጠኑ ያው ስለሆነ ከክንፉ ጋር አይነካካም፣ ከፍታውም አይለወጥም።

ነገር ግን ጎማውን ብቻ ማጠንከር አይበቃም። ንፋሱ ከ50 ወደ 65 ሲወጣ ቸርኬውም ያንን መቻል አለበት። አንዱን ጎማ ፈትቼ የቸርኬውን ጀርባ አየሁ፤ 1,870 ፓውንድ የሚል ተቀርጿል። ስለ ንፋሱ ምንም አይልም። ቸርኬውን ለሠራው ድርጅት ደውዬ የሞዴል ቁጥሩን ነገርኳቸው፣ 65 እንደሚችል አረጋገጡልኝ። ይህን ሳያጣራ "ዲ" ወይም "ኢ" የሚገጥም ሰው አደጋ ላይ ነው። አክስሎቹም የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ የእኔዎቹ እያንዳንዳቸው 3,500 ናቸው። ጠንካራ ጎማ ገጠምኩ ማለት ተጨማሪ ዕቃ መጫን እችላለሁ ማለት አይደለም። ልኩን የሚወስነው ከጎማው፣ ከቸርኬውና ከአክስሉ ደካማው ነው።

የሄድኩበት የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ የተለመደ የቤት መኪና ጎማ ሊሸጥልኝ ሞከረ። "መጠኑ አንድ ነው፣ ይለሰልሳል፣ ዋጋውም ይቀንሳል" አለኝ። የቤት መኪና ጎማ ትሬለር ላይ ሲገጠም የተጻፈበት አቅም ለ1.10 ተካፍሎ ነው የሚታሰበው። በዚያ ላይ ጎኑ ለስላሳ ነው። ባለ ሁለት አክስል ትሬለር ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር ጎማዎቹ አይታጠፉም፤ ወደ ጎን ይጎተታሉ። ካምፕ ውስጥ ወደ ኋላ እየነዳህ ትሬለሩን ስታስገባ ከውጭ የቆመ ሰው ጎማዎቹ ሲጣመሙ በግልጽ ያያል። ኤስቲ የተባለው የትሬለር ጎማ ጎኑ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ለቀላል የጭነት መኪና የሚሠራው ኤልቲም አለ፤ ባለ 16 ኢንች ከባድ ትሬለር ያላቸው ሰዎች ይወዱታል። ለእኔ 14 ኢንች የሚሆን ግን ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ብዙ አልቆየሁበትም።

ጎማው ላይ የተጻፈውን፣ የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት የሚነግረውን ፊደልም አየሁ። ቀደም ሲል ብዙ ኤስቲ ጎማ ለ65 ማይል በሰዓት ብቻ ነበር የሚሠራው። አሁን "ኤል" 75፣ "ኤም" 81፣ "ኤን" 87 ማይል የሚችሉ አሉ። እኔ ትሬለር ስጎትት ከ62 እና 63 አላልፍም። ከፍ ያለውን የፈለግኩት ለመፍጠን ሳይሆን ሙቀትን እንዲቋቋም ነው። ዩታ ውስጥ በአይ 70 ሀይዌይ ከግሪን ሪቨር ከተማ እስከ ሳላይና ከ100 ማይል በላይ ማደያ የለም። በአንዳንድ ቦታ የተፈቀደው ፍጥነት 80 ነው። በሰመር አስፋልቱ ይጋላል። እዚያ መሃል ላይ ጎማ መቀየር የማይመኙት ነገር ነው።

ብራንዱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካርላይል ራዲያል ትሬይል፣ ማክሲስ ኤም 8008 እና ጉድይር ኢንዱራንስ ሦስቱም በብዙ ሰው የሚመሰገኑ ናቸው። ኢንዱራንስን መረጥኩ። በእኔ መጠን "ዲ" አለው፣ ፊደሉ "ኤን" ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ይመረታል። ጓደኛዬም ሌላውን ብትመርጥ አልቃወምህም ነው ያለኝ፤ ዋናው ቁጥሩ ነው።

ጎማው ሱቅ ሲደርስ ገና ሳይገጠም ቀኑን አሳዩኝ አልኩ። ከአምስቱ ሁለቱ የሁለት ዓመት ዕድሜ አላቸው። "አልተነዳባቸውም እኮ፣ አዲስ ናቸው" አሉኝ። የትሬለር ጎማ ዕድሜ የሚቆጠረው ከተመረተበት ቀን ነው ብዬ መለስኳቸው። ጥቂት ቀን ጠብቄ ሁሉም 2025 የተመረቱ ሆነው መጡልኝ። ሳትቆጣ፣ በትህትና፣ ግን ሳትለቅ መጠየቅ ነው። ገንዘቡ ያንተ ነው።

የላስቲክ ቫልቮቹንም አስቀየርኩ። የተለመደው የላስቲክ ቫልቭ ልኩ 65 ፒኤስአይ ስለሆነ ጫፉ ላይ መሆን አልፈለግኩም። በዚያ ላይ የንፋስ መቆጣጠሪያ ሴንሰር ጫፉ ላይ ሲታሰር ይከብደዋል። የብረት ቫልቭ አስገባሁ። ጎማዎቹንም ባላንስ አስደረግኩ፤ "ለትሬለር አያስፈልግም" የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ውስጥ ያለው ዕቃ ሲንቀጠቀጥ መዋሉን አልወድም።

ጎማዎቹን ከነቸርኬያቸው ከትሬለሩ ፈትቶ መልሶ መግጠሙን ቤት ሠራሁት። ትሬለሩ ከፒክአፑ ጋር እንደተያያዘ፣ ደልዳላ ቦታ፣ በሌላው በኩል ጎማዎቹ በድጋፍ ታግደው። ክሪኩ የሚገባው ሻንሲው ስር ነው። አክስሉ ላይ ከደገፍከው ይጎብጣል፤ የጎበጠ አክስል ደግሞ አዲሱን ጎማ በአንድ ጎኑ ይበላዋል። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ትንሽ ላላ አድርጌ ነው ያነሳሁት። ስመልስ በኮከብ ቅርጽ፣ በደረጃ፣ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳየው) አጠበቅኩ። ከዚያ ከ10፣ ከ25 እና ከ50 ማይል በኋላ እየቆምኩ ደግሜ አጠበቅኩ። በመጀመሪያው ማቆሚያ ጥቂቶቹ እንደገና ዞሩ። ይህ ያለ ነገር ነው፤ የማይፈትሽ ሰው ግን ጎማው ከነቸርኬው ሊወጣበት ይችላል።

ዕቃውንም አዛወርን። ባለቤቴ ምጣዱን፣ የታሸገ ውሃውንና ከባድ ከባዱን በሙሉ ወደ ቀኝ አዞረችው። ይህ ሳንቲም አላስወጣንም፣ የግራውን ጫና ግን አቀለለው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይነካቸው፣ ሁሉንም 65 አድርጌ ነው የምነሳው። ሴንሰሩ መንገድ ላይ ከ70 በላይ ያሳያል። ይህ ሙቀቱ የጨመረው ስለሆነ አላስተነፍሰውም፤ ሲሞቅ ያስተነፈስከው ሲቀዘቅዝ ይጎድልሃል። የማየው ቁጥሩን ብቻ አይደለም። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚሞቅ ከሆነ ወዲያው ዳር ይዤ እቆማለሁ። በፀሐይ በኩል ያሉት ትንሽ ከፍ ማለታቸው ግን የተለመደ ነው።

ቤት ሲቆም ጎማዎቹን በነጭ ሽፋን እሸፍናለሁ፤ እኛ ጋ ከፍታው ስለሚበዛ ፀሐዩ ላስቲክ ላይ ይበረታል። የእስኮርታውን ንፋስ ከአራቱ ጋር አብሬ እለካለሁ። አምስቱም የተመረቱበትን ሳምንት ጽፌ በትሬለሩ በር ውስጠኛ ጎን ለጥፌያለሁ። 2030 ሲገባ ጥርሳቸው ምንም ቢመስል ይወርዳሉ።