የጅብ ጥላዋ

ትናንት ጮቄ ተራራ ወጥቼ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ሮብ ገበያን አልፈን፣ ጅብራው ከሚበቅልበት ከፍታ ስንደርስ ካፊያ ጀመረ። ሌላው ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰውን ተራራ ፎቶ ሲያነሳ እኔ ሣሩ ላይ ተንበርክኬያለሁ። ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ ቀይ እንጉዳይ! ቆቧ ቅቤ የተቀባ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ሽንሽን ወፍራምና ራቅ ራቅ ያለ፣ በጣት ሲነኩት ሻማ ሻማ የሚል።

«ጋሼ ተዋት፣ የጅብ ጥላ ናት፣ አትበላም!» አለኝ አንድ እረኛ። ልበላት ሳይሆን ስሟን ፈልጌ ነው ስለው ሳቀብኝ። እውነት አለው።

ማታ እግሯን ቆርጬ ቆቧን ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ደፋሁና ብርጭቆ ከደንኩበት። ሌሊቱን ስፖሯን፣ ማለትም እንደ ዘር የምትራባበትን ብናኝ፣ ታራግፋለች፣ ቀለሙ ወገኗን ይናገራል። ዛሬ ጠዋት ስነሳ እማዬ ብርጭቆውን አጥባ ደርድራዋለች! ደግነቱ ወረቀቱን አልጣለችውም። ጥቁሩ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል፣ ጠርዙ የተዳጠ አሻራ አለ። ነጭ ስፖር፣ ሰም የመሰለ ሽንሽን፣ ደማቅ ቆብ። ሃይግሮሳይቤ ከሚባሉት የእንጉዳይ ወገኖች ናት፤ ዝርያዋን ለይቶ ለመጥራት ግን ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል።

እነዚህ እንጉዳዮች ማዳበሪያ የነካው መሬት አይወዱም። የብዙዎቹ ቤት ያልታረሰ፣ ከብት የሚግጠው አጭር ሣር ነው። ጮቄ ላይ ደግሞ ገብሱና ድንቹ ሽቅብ እየወጣ ነው። እሷን ያገኘሁባት መስክ ከድንቹ ማሳ 20 እርምጃ አትርቅም።