በላኤ ሰብን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው?

ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቱሪስት ይዞ የገባ አስጎብኚ ሁሉ የሚያውቃት ጥያቄ አለች፣ ግድግዳው ላይ አንዳንዶቹ ለምን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ተሳሉ? መልሱ ቀላል ነው፣ በኛ አሳሳል ጻድቁ ፊት ለፊት ያይሃል ክፉው በጎን ነው። ጣጣው «ክፉ»ን በእንግሊዝኛ ስትላት ነው። ብዙዎቻችን «ባድ» ብለን እንገላገላለን፣ ባድ ግን ለተበላሸ እንቁላልም ትሆናለች እኮ፣ የቤተልሔም ሕፃናትን ላስፈጀው ሄሮድስማ በጣም ታንሳለች።

ለሄሮድስ እኔ «ዊክድ» ነው የምለው። ዊክድ ውስጥ እያወቁ ማድረግ፣ ማሴርም አለበት፣ ሰብአ ሰገልን «ስታገኙት ንገሩኝ እኔም ልስገድለት» ያለ ሰውዬ አይደል። ብቻ ወጣት እንግሊዞች ፊት ስትላት ፈገግ ይላሉ፣ በመንገድ ቋንቋቸው «አሪፍ» ማለትም ሆናለች። እኛስ ኳስ የሚችለውን ልጅ «አውሬ ነው» እንል የለ።

«ኢቭል» ለሰይጣን ትቆይ ባይ ነኝ። ዋናው ፈተና በላኤ ሰብ ጋ ስትደርስ ነው። ሰውዬው 78 ነፍስ በልቷል፣ ቤተሰቡን ሳይቀር፣ ግን ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠና ነፍሱ ስትመዘን የሷ ጥላ አርፎበት ሚዛኑ ውኃዋ ወዳለችበት ደፋ። እዚህ ጋ «ሂ ወዝ ኢቭል» ብለህ ከጀመርክ እንግዳው ታዲያ እንዴት ዳነ ብሎ ያፋጥጥሃል፣ እውነቱን ነው፣ ኢቭል ሰው ላይ ስትለጠፍ ተፈጥሮው ራሱ እንደዛ ነው የምትል ይመስላል። «ሂ ዲድ ኢቭል ቲንግስ» ስትል ግን ክፋቱ ሥራው ላይ ይቀርና ለሰውዬው የንስሐ በር አይዘጋበትም። «ሲነር»ም (ኃጢአተኛ) ጥሩ ናት፣ ለማያምን እንግዳ ግን ትንሽ ስብከት ስብከት ትላለች።

«ቪለን»ን ብዙም አልወዳትም፣ ከላቲን ስትነሳ የገጠር እርሻ ሠራተኛ ማለት ነበረች፣ የከተሜ ንቀት ነው ወንጀለኛ ያደረጋት፣ ልክ «ባላገር»ን ስድብ እንዳደረግናት።

«ኖቲ» ደግሞ ዛሬ ስኳር ለሰረቀ ሕፃን ናት። እ.ኤ.አ በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ግን ምሳሌ 6፥12 ላይ ከዊክድ ጎን ነው የቆመችው። አንድ ጀማሪ ልጅ ሄሮድስን «ኖቲ ኪንግ» ሲለው ሰምቼ እንግዶቹ በሳቅ ሞቱ፣ ያኔ ቢሆን ማንም አይስቅበትም ነበር 😀