«ተሳስተዋል» ብዬ የሰረዝኳቸው አክስት ትክክል ነበሩ

የቤተሰብ ሐረግ ለመሰብሰብ ደብተር፣ እስክሪብቶና ድምፅ መቅጃ ይበቃል። ወደ ኋላ መቁጠሩ ራሱ ቀላል ነው። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ስለነበር ስሙን በአንድ ከሰዓት ይዘረግፉታል። ርስት በእናትም በአባትም በሚወረስበት አገር ሴቶቹም ይቆጠራሉ፤ መሬት ያላስገኘ ቅርንጫፍ ግን ይረሳልና «ሌላ ወንድም እኅት አልነበራቸውም?» እያሉ መጎትጎት ነው። የዓለም ስም፣ የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ለየብቻ ይጻፍ። ካልሆነ አንዱ ሰው ሦስት ሆኖ ይወጣል።

እኔን ጉድ የሠራኝ ዓመተ ምሕረቱ ነው።

ሰው የልደት ዘመኑን በቁጥር አይነግርዎትም። «ከሰገሌ በፊት»፣ «በኅዳር በሽታ ዓመት»፣ «ጥልያን ሲገባ እረኛ ነበር» ይላል። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ እየሰማሁ ወደ ቁጥር መነዘርኩት፤ የሰገሌ ጦርነት 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ጥልያን 1928። የተናገሩትን ቃል አልጻፍኩም። ሠንጠረዡ ያምር ነበር።

ከዚያ አያቴ ላይ ስደርስ ሁለት ምስክሮች ተለያዩብኝ። ደብተሬ ላይ በአንድ ሽማግሌ በኩል 1912፣ በአባቴ አክስት በኩል 1913 ሰፍሯል። ሽማግሌው በዕድሜ ስለሚበልጡ እሳቸውን አምኜ የአክስቴን ሰረዝኩ። መታወቂያው ያስታርቀኛል ብዬ ባወጣው መስከረም 1 ይላል። እንዲህ ያለ ቀን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቀኑን የማያውቅ ሁሉ በጸሐፊ ብዕር እንቁጣጣሽ ላይ ተወልዷል! በመላ አገሪቱ የልደት ምዝገባ በወጉ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በወጣ ወረቀት ላይ መስከረም 1 ካዩ «አይታወቅም» ብለው ያንብቡት።

መልሱ የተገኘው የአክስቴን ቅጂ ሁለተኛ ሳዳምጠው ነው። ያሉት ይህን ነበር፦ «ዘመነ ማቴዎስ በባተ በሳምንቱ ወንድሜ ክርስትና ተነሣ።» እኔ «በባተ በሳምንቱ» የሚለውን ለጌጥ የተነገረ መስሎኝ ዘመነ ማቴዎስን ብቻ 1913 ብዬ አልፌዋለሁ። «ክርስትና» የሚለውንም «ልደት» አድርጌዋለሁ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው። ከመስከረም 8 ተነሥተው 40 ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ አምስቱን ጳጉሜን አልፈው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ይወድቃሉ። ያ ደግሞ 1912፣ ዘመነ ዮሐንስ ነው። አንዳቸው ልደቱን ሌላቸው ክርስትናውን ነገሩኝ እንጂ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ሴት ልጅ በ80 ቀን ስለሆነ ወጥመዱ ይሰፋል። እስከ ኅዳር አጋማሽ ክርስትና የተነሣች ልጅ የተወለደችው ባለፈው ዓመት ነው። የደብር መዝገብ ላይ ያለው ቀንም የክርስትናው ሊሆን ስለሚችል የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ አይገልብጡ።

ወንጌላዊው ማጣሪያ ነው። ዓመቱን ለ4 ያካፍሉ፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። «ጥልያን ሲገባ ዐሥራ አምስት ቢሆነኝ ነው፣ የተወለድኩት በዮሐንስ» ያለ ሰው 1913 ሳይሆን 1912 ነው። «በጥልያን ጊዜ» ብቻ ካሉ ግን «ሲገባ ወይስ ሲወጣ?» ብለው ይጠይቁ፤ በመካከሉ አምስት ዓመት አለ። ዕድሜን በቁጥር ከመጠየቅ ደግሞ «ከእገሌ ማን ይበልጣል?» ማለት ይሻላል። በዕድሜ ብዙ ሰው ይስታል፣ በታላቅና ታናሽ ግን እምብዛም።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ሠንጠረዡን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንለውጠው ሲሉ እሺ ማለቴም አሁን ድረስ ይቆጨኛል። ሁሉም ላይ 8 ደመሩበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው፤ ስለዚህ ኅዳር 1911 የእነሱ 1918 ሆኖ ሳለ በሽታው 1919 ላይ ወጣ። ቀኑም ራሱን ችሎ ያሳስታል። የካቲት 23 አሁን በፈረንጅ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ የአድዋ ድል ዕለት ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ልዩነቱ የመጣው እነሱ 1900ን ሠግር ዓመት ስላላደረጉት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተጨምሯል። የሐረግ መመዝገቢያ ፕሮግራሞች ቀን፣ ወር፣ ዓመት ካልሞሉ ብለው ቢወተውቱም ባዶ ይተዉት። የተነገረውን ቃል ማስታወሻው ላይ ይጻፉ፣ የፈረንጁን ቀን ከፈለጉ ለብቻው ዓምድ ያብጁለት።

አሁን የአያቴ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ነሐሴ 1912 ገደማ፤ ክርስትና መስከረም 1913። እኅታቸው፦ ‹ዘመነ ማቴዎስ በባተ በሳምንቱ›።» የሽማግሌው ቃል አጠገቡ መግባት ነበረበት። የእሳቸውን ቅጂ ግን ቦታ ሞላ ብዬ ሌላ ቀድቼበታለሁ፤ ከአፋቸው የቀረኝ እኔ የጻፍኩት «1912» ብቻ ነው።