ከካሴትና ከቪኤችኤስ ወደ ፋይል፦ የምሠራበት መንገድና የተማርኩት

የሙዚቃ ካሴት ፋሽን ሆኖ ተመልሷል። አዳዲስ አልበሞች በካሴት ይወጣሉ፤ በደማቅ ቀለም የተሠሩ ትንንሽ ማጫወቻዎችም ይሸጣሉ። የድሮ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ብዙም አያግዝም፤ ፋሽኑ ሲመለስ ጥሩው ማሽን አብሮ አልተመለሰም። በአዲስነት ከሚሸጡት ማጫወቻዎች አብዛኞቹ በተመሳሳይ ርካሽ ሞተርና ሄድ (የካሴቱን ክር የሚያነበው ክፍል) የሚሠሩ ናቸው። ፍጥነታቸው ይዋዥቃል፤ ከጀርባ የሚሰማውን የ«ሽሽ» ድምፅ የሚቀንሰው ዶልቢም የላቸውም። በቪዲዮ በኩል ደግሞ ይብሳል፦ ሶኒ የቤታማክስ ካሴት ማምረቱን እ.ኤ.አ. በማርች 2016 አቆመ፤ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች ፉናይም በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ተከተለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አሮጌ ማሽን ነው።

ስለዚህ ሥራውን የምጀምረው ከካሴቱ ሳይሆን ከማሽኑ ነው። ክሩ (ድምፁ ወይም ምስሉ የተቀዳበት ስስ ቴፕ) በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከተቀመጠ ለአሥርት ዓመታት ይነበባል፤ ቀድሞ የሚያልቀው የሚያነበው ማሽንና ማሽኑን መጠገን የሚችለው ሰው ነው። ቅደም ተከተሌም ከዚህ ይነሳል። ማሽኑ ብርቅ የሆነው ፎርማት ይቀድማል፦ መጀመሪያ ቤታማክስና የትንንሽ ካሜራ ካሴቶች፣ ቀጥሎ ቪኤችኤስ፣ በመጨረሻ የድምፅ ካሴት።

ካሴቱ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በደማቅ ብርሃን አየዋለሁ። በመስኮቱ በኩል በተጠቀለለው ክር ጠርዝ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ከታየ ሻጋታ ነው። ሻጋታው ሄዱን ይዘጋል፤ ቀጥሎ የሚገባውንም ንጹሕ ካሴት ይበክላል። እንዲህ ያለው ካሴት በፕላስቲክ ታሽጎ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሲጸዳም ለዚያ ብቻ በተለየ ማሽን ይሁን። ከቀዝቃዛ ቦታ የመጣ ካሴት ደግሞ በሥራ ክፍሉ ሙቀት 24 ሰዓት ይቆይ፤ ጤዛ የያዘ ክር በቪዲዮ ማሽኑ ውስጥ ከሚሽከረከረው ከበሮ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ መቅጃ መከላከያዋን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ እሰብራለሁ። በቪኤችኤስ በካሴቱ ጀርባ አንዲት ናት፤ በድምፅ ካሴት ላይ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ናቸው። ይህ ከተደረገ በስህተት የተጫነ ቁልፍ የድሮውን ቅጂ ሊያጠፋ አይችልም። በመጨረሻም ካሴቱን እስከ ጫፍ አጠንጥኜ እመልሰዋለሁ። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ክር በአንዳንድ ቦታ ጠብቆ፣ በአንዳንድ ቦታ ላልቶ ስለሚገኝ፣ ይህ ሳይደረግ ሲጫወት ፍጥነቱ ይንቀጠቀጣል።

የድምፅ ካሴት

ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት በመሠረቱ ለንግግር መቅጃ የታሰበ ነበር። ክሩ 3.81 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ከዚህ ቁጥር አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። 10 ኪሎኸርዝ ድምፅ ክሩ ላይ የሚይዘው ርዝመት 4.76 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። የሚያነበው ሄድ በትንሹ እንኳ ካዘነበለ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ሙዚቃውም በብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስላል። ብዙ ሰው «ካሴቱ አርጅቷል» ብሎ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሄድ መዛነፍ ነው።

መዛነፉን እንዲህ አስተካክላለሁ። በሄዱ አንድ ጎን፣ ከሥሩ ስፕሪንግ ያለው ትንሽ ብሎን አለ። መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አደርግበታለሁ። ግራና ቀኙን ወደ አንድ ደምሬ በሞኖ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ፣ ማግኔት በሌለው ካቻቢቴ በአንድ ጊዜ ከስምንተኛ ዙር ሳላሳልፍ አዞራለሁ። የጸናጽሉና የ«ሰ» ድምፅ ከሁሉም የጠራበት ቦታ ትክክለኛው ነው። በሞኖ መስማት የግድ ነው፤ ሄዱ ሲዛነፍ ሁለቱ ቻናሎች እኩል ስለማይደርሱ አንዱ ሌላውን ይሽራል፣ ልዩነቱም ወዲያው ይሰማል። ካሴቶቹ በተለያየ ማሽን የተቀዱ ስለሆኑ ይህ ለእያንዳንዱ ካሴት ይደገማል፤ አንዳንዴም ለሁለቱ ገጾች ለየብቻ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከየትኛውም ሶፍትዌር የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ዶልቢ የሚበራው ካሴቱ በዶልቢ ከተቀዳ ብቻ ነው። ሲጠፋ ድምፁ ከልክ በላይ የሚያብረቀርቅና «ሽሽ» የሚበዛበት ከሆነ፣ ሲበራ ደግሞ ተፈጥሯዊ የሚሆን ከሆነ በዶልቢ የተቀዳ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ የሄዱ መዛነፍ መስተካከል አለበት፤ ዶልቢ የጎደለውን ቀጭን ድምፅ የበለጠ ስለሚቀንሰው ጉድለቱን ያባብሳል። የክሩን ዓይነት መምረጫም አለ፦ ተራው በ120 ማይክሮሰከንድ፣ ክሮሙ በ70 ማይክሮሰከንድ ይነበባል። ቦታው ከተሳሳተ ድምፁ ይደፈናል ወይም ይሳላል።

አሮጌ ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) ሲገኝ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቺንጋው ነው። ጎማው ላልቶ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ አንዳንዱም ቀልጦ ጥቁር ዝፍት ይሆናል። ዝፍቱን በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ከነበረበት መዘውር ላይ አጸዳለሁ፤ እጅና ልብስ ከነካ በቀላሉ አይለቅም። የላላውን ቺንጋ ዙሪያ በስፌት ክር ለክቼ ከዚያ 5 በመቶ ያህል የሚያንስ አዲስ እገዛለሁ። ከልክ በላይ የጠበበ ቺንጋ የሞተሩን ዘንግ ስለሚጎትት ሌላ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ፍጥነቱን የማረጋግጠው 3000 ኸርዝ በተቀዳበት መፈተሻ ካሴት ነው፦ ኮምፒውተሩ 3030 ካነበበ ማሽኑ 1 በመቶ ይፈጥናል። ማስተካከያው በብዙ ሞተሮች ጀርባ ባለች ቀዳዳ ውስጥ ትገኛለች። ሄዱንና የብረት ዘንጉን በአልኮል አጸዳለሁ፤ ጎማ ሮለሩን ግን በለስላሳ ሳሙናና በውኃ፣ ምክንያቱም አልኮል እየደጋገመ ከነካው ጎማው ይደርቃል።

የተበጠሰ ክር የሚቀጠለው ለዚሁ በተሠራ ማጣበቂያ፣ ሄዱን በማይነካው ገጽ በኩል ነው። ተራ ፕላስተር በፍጹም አይሆንም፤ ሙጫው እየወጣ አጠገቡ ያለውን ክር ያጣብቃል። ክሩን ወደ ሄዱ የምትጫነው ትንሽ የስፖንጅ ንጣፍ ከወደቀች ድምፁ ይሸሻል፤ ከሌላ ተመሳሳይ ካሴት ነቅሎ መተካት ይቻላል።

ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ድምፅ ከዴክ ጀርባ ካለው መውጫ ይሁን፤ ከጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወይም ወደ ማይክሮፎን መግቢያ አይሁን። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ እቀዳለሁ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲያርፍ አደርጋለሁ። ለዚህ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። «ሽሽ»ን በሶፍትዌር ማጥፋት ዋናው ፋይል ላይ አይሠራም፤ በቅጂው ላይ ብቻ።

ቪኤችኤስ

እዚህ ነገሩ ይከብዳል። የቪኤችኤስ ክር 12.7 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ምስሉን የሚያነቡት ሄዶች 62 ሚሊሜትር በሆነ ከበሮ ላይ ተቀምጠው በፓል (በአውሮፓና በብዙ አገሮች የቴሌቪዥን ሥርዓት) በደቂቃ 1500 ጊዜ፣ በኤንቲኤስሲ (በአሜሪካና በጃፓኑ) 1800 ጊዜ ያህል ይሽከረከራሉ። ከበሮውን ለማጽዳት ንጹሕ ነጭ ወረቀት በአልኮል አርሼ በጣት በቀስታ ከበሮው ላይ አስደግፋለሁ፤ ወረቀቱን ሳላንቀሳቅስ ከበሮውን ከላይ በእጅ አዞራለሁ። ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ ሄዱን ይሰብረዋል፤ ጥጥ ደግሞ ቃጫው ሄዱ ላይ ይያዛል። ከዚያ እስኪደርቅ 10 ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ።

ዋናው ችግር ጊዜ ነው። ክሩ ይለጠጣል፣ ከበሮው በጥቂቱ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ ስለዚህ የምስሉ እያንዳንዱ መስመር ትንሽ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይጀምራል። የድሮ ቴሌቪዥን ይህን ይችለው ነበር። ምስሉን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው መሣሪያ (መያዣ) ግን አይችለውም፦ ቀጥ ያሉ ጠርዞች ይወላገዳሉ፤ ሲብስ ፍሬም (አንድ ሙሉ ምስል) ይጥላል። መፍትሔው የመስመሮቹን ጊዜ የሚያስተካክል ቲቢሲ ነው። በውስጡ ቲቢሲ ያለው የኤስ-ቪኤችኤስ (የተሻሻለው ቪኤችኤስ) ማጫወቻ ከተገኘ እሱ ይመረጣል። ካልተገኘ አንዳንድ የዲቪዲ መቅጃዎች፣ ለምሳሌ የፓናሶኒክ ዲኤምአር-ኢኤስ10 እና ኢኤስ15፣ ምስሉ በውስጣቸው አልፎ ሲወጣ መስመሮቹን ያቃናሉ። ዲስክ ላይ መቅዳት አያስፈልግም፤ ማሳለፍ ብቻ ነው። ገመዱ ኤስ-ቪዲዮ ቢሆን ብርሃኑና ቀለሙ ሳይደባለቁ ይመጣሉ።

ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩ ትንንሽ ሣጥኖችን አልጠቀምም። ምስሉን ወደ ሰፊ ስክሪን ይለጥጡታል፤ የእያንዳንዱን ፍሬም ሁለት ግማሾች (በተለያየ ቅጽበት የተቀረጹትን ተፈራራቂ መስመሮች) በግድ ያጣምራሉ፤ የጠፋው እንቅስቃሴ ደግሞ በኋላ አይመለስም። በጣም ርካሽ የዩኤስቢ መያዣዎችም የደማቁን ቦታ ዝርዝር ያጠፋሉ፣ ፍሬም ሲጥሉም አይናገሩም።

ቨርቹዋልደብ በተባለው ሶፍትዌር የምይዘው በ720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው፤ ለኤንቲኤስሲ 720 በ480፣ 29.97 ፍሬም። ቀለሙ 4፡2፡2 (በአግድም ከብርሃኑ ዝርዝር ግማሹን የሚይዝ)፣ ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ ሳይታመቅ። የፓሉ ምስል ምንም ሳይታመቅ በሰዓት 75 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ ጥራት በማይቀንሰው የሃፍ-ዋይዩቪ ወይም የኤፍኤፍቪ1 ማመቂያ ሲታመቅ እንደ ምስሉ ጫጫታ ከ25 እስከ 40 ጊጋባይት። ዲስኩ በፋት32 የተዘጋጀ ከሆነ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ላይ ስለሚቆም አስቀድሞ ይታይ።

ከእያንዳንዱ ቅጂ በኋላ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ከፍቼ የሚናገር ሰው ከንፈር አያለሁ። ድምፁ ቀስ በቀስ እየራቀ ከሄደ ምስሉና ድምፁ በተለያየ መሣሪያ እየተያዙ ነው፤ ሁለቱም በአንድ መያዣ ይግቡ። ከአንድ ቦታ ጀምሮ በድንገት ከዘለለ ፍሬም ተጥሏል፤ ቲቢሲው ወይም የኮምፒውተሩ ዲስክ ይፈተሽ። ይህን ሳላይ ወደ ቀጣዩ ካሴት አልሄድም። ድምፁ የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ ትራኪንግ (ሄዱ ክሩ ላይ ያለውን መስመር በትክክል እንዲከተል የሚያደርገውን ማስተካከያ) አስተካክላለሁ፤ ካልሆነ ከሃይ-ፋይ (በከበሮው ከሚነበበው ጥራት ያለው ድምፅ) ወደ ተራው የድምፅ መስመር አዛውረዋለሁ። ጥራቱ ያንሳል፣ ግን አያጉረመርምም።

ለማየት የሚሆነውን ቅጂ የማወጣው ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ሶፍትዌር ነው፦ በቢደብሊውዲአይኤፍ ማጣሪያ ግማሾቹን ለይቼ በሰከንድ 50 ፍሬም፣ በኤች.264 ማመቂያ፣ የጥራት ቁጥሩን (ሲአርኤፍ) 18 ላይ፣ ቅርጹን 4 ለ3። 25 ላይ ማስቀረት የእንቅስቃሴውን ግማሽ መጣል ነው። ከሥር የሚታዩት የሚንቀጠቀጡ መስመሮች ሄዶቹ ሲቀያየሩ የሚፈጠሩ ናቸው፤ በዚህ ቅጂ ላይ በጥቁር ይሸፈናሉ፣ ዋናው ፋይል ላይ አይነኩም።

ሚኒዲቪ (የዲጂታል ካሜራ ትንሽ ካሴት) ቀላሉ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እሱኑ ነው። ክሩ ላይ ያለው ቀድሞውኑ ዲጂታል ስለሆነ በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ማውጣት ጥራቱን በከንቱ መጣል ነው። በፋየርዋየር (በካሜራው የዲጂታል ገመድ) ሲወጣ ፋይሉ ሳይለወጥ ይመጣል፤ በሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ነው። ፋየርዋየርን ወደ ዩኤስቢ የሚለውጥ ተራ ገመድ አይሠራም፤ ኮምፒውተሩ የፋየርዋየር ካርድ ያስፈልገዋል። በኤልፒ (ክሩ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲበቃ በዝግታ በሚቀዳበት) የተቀዳ ከሆነ ከተቻለ በቀዳው ካሜራ ራሱ ይጫወት።

ከተገለበጠ በኋላ

የፋይል ዓይነትም ፋሽን አለው፤ ስለዚህ ዋናውን ቅጂ በአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር ብቻ በሚከፈት ዓይነት አላስቀምጥም። ኤፍኤፍቪ1ን በማትሮስካ (ኤምኬቪ) ፋይል ውስጥ እመርጣለሁ፤ አሠራሩ በግልጽ የታተመ ነው፣ ለእያንዳንዱ ፍሬም መፈተሻ ቁጥርም ሊይዝ ይችላል። የፋይሉን የኤስኤችኤ-256 ቁጥር (ፋይሉ በትንሹም ቢለወጥ የሚለወጥ መለያ) በጽሑፍ ፋይል እመዘግባለሁ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ፤ በዓመት አንዴም ቁጥሩን ደግሞ ማስላት። በቤት የሚቃጠል ሲዲና ዲቪዲ ለዚህ አይታመንም፤ ቀለሙ ይደበዝዛል።

ካሴቶቹን አልጥልም። እስከ መጀመሪያው ተጠንጥነው፣ በጠርዛቸው ቆመው፣ ከድምፅ ማጉያ ማግኔት ርቀው ይቀመጣሉ። ቪኤችኤስ-ዲኮድ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌር የማጫወቻውን የምስል ክፍል አልፎ ከሄዱ የሚመጣውን ጥሬ ሲግናል ወደ ምስል ይለውጣል። ማሽኑ ተከፍቶ ከቦርዱ መፈተሻ ነጥብ ላይ ገመድ ይወጣል፤ ሲግናሉም ለምሳሌ በሰከንድ 40 ሚሊዮን ናሙና ይቀዳል፤ የቲቢሲውን ሥራ በኋላ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። ፋይሉ ግዙፍ ነው፣ ስሌቱም ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ውጤቱ ግን ውድ ቲቢሲ ካለው ሰንሰለት ጋር ይወዳደራል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ስለዚህ ጤነኛ ከበሮ ያለው ተራ ማጫወቻ፣ የምስል ክፍሉ ቢበላሽም እንኳ፣ ለዚህ ስለሚያገለግል አስቀምጠዋለሁ።