ዩሪያ ያልደረሳት መደብ

ችግኝ ጣቢያ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሚያዝያ ላይ የፓቱላ ጥድ ችግኞቻችን ፈዘዝ አሉብኝ። ለሐምሌ ተከላ መድረስ አለባቸው። ዩሪያ በውሃ ተበጥብጦ በየሳምንቱ ይጠጡ ብዬ አዘዝኩ። ዩሪያው ስላለቀ ጥግ ያለችው መደብ ሳይደርሳት ቀረች።

ችግኞቹ ጥቁር አረንጓዴ ሆኑ፣ ተመዘዙ። ለዓይን ደስ ይሉ ነበር። የጥጓ መደብ ግን አጠር እንዳለች ቀረች። ለተከላ ባትወጣስ ብዬም አስቤ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ችግኝ ስንመርጥ፣ እትዬ የምንላቸው ነባር ሠራተኛ ጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ፣ ይቺን እይልኝ።»

ዩሪያ ከጠጡት አንዱን አንስተው ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደዱት። አፈሩ እጃቸው ላይ ፍርስ አለ። ሥሩ ቡናማ ነው፣ እንደ ሽቦ ራቁቱን። ከዚያ ከጥጓ መደብ አንድ ቀደዱ። አፈሩ እንደተያያዘ ቆመ። ጥጥ የተነደፈበት ይመስል ነጭ ክር ወሮታል። ጥቃቅኖቹ ሥሮች ጫፋቸው እንደ ባላ ለሁለት ተከፍሎ አበጥ ብሏል።

«ከእነዚያ ላይ ሻጋታው ጠፍቷል» አሉኝ።

እሳቸው ሻጋታ የሚሉት ማይኮራይዛን ነው፣ ሥር ላይ የሚኖረውን ፈንገስ። ፕላስቲክ ስንሞላ ከአሮጌ ጥድ ሥር አፈር አምጥተን የምንቀላቅለው ለእሱ ብለን ነው። ፓቱላ ከሜክሲኮ የመጣ ዛፍ ስለሆነ የሚስማማውን ፈንገስ በየአፈሩ አያገኝም። ፈንገሱ ሥር ከማይደርስበት ፎስፈረስና ውሃ ያመጣለታል፣ ናይትሮጅንም ጭምር። ዛፉ ደግሞ ቅጠሉ የሠራውን ስኳር ያካፍለዋል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እሱ በገፍ ሲመጣ ዛፉ ስኳሩን ቅጠልና ግንድ ማሳደጊያ ያደርገዋል፤ ወደ ሥር የሚወርደው ያንሳል፣ ፈንገሱም ይራባል። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ፕላስቲክ ቀድጄ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለቱንም ተከልን። በጋው ሲጠና ከረዣዥሞቹ ብዙዎቹ ተዳፋቱ ላይ ደረቁ። አጫጭሮቹ አብዛኞቹ ያዙ።

ዩሪያን ጠላት አላደርገውም። በጣም የደኸየ አፈር ላይ ትንሽ ናይትሮጅን ፈንገሱንም ሊጠቅም ይችላል። ጥፋቴ መጠኑ ላይ ነበር፣ ከዚያም በላይ ሥሩን ሳላይ ማዘዜ።

ባለፈው ሚያዝያም ችግኞቹ ፈዘዝ አሉ። ከየመደቡ አምስት አምስት ቀደድኩ። ነጩ ክር ገና መጀመሩ ነው። የዩሪያውን ጆንያ ሳልፈታ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ።