በአፌ የነበረው ጸሎት

ቅዳሜ፣ የሆሣዕና ዋዜማ

ዛሬ የዐቢይ ጾም 48ኛው ቀን ነው። ነገ የዘንባባ ቀለበት በጣታችን አድርገን ከቤተ ክርስቲያን እንመለሳለን፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሰሙነ ሕማማት ይገባል። በጾሙ መጀመሪያ፣ በዘወረደ ሳምንት የጀመርሁት ደብተር ሊያልቅ ጥቂት ገጾች ብቻ ስለቀሩት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብሁት፤ ያነበብሁትንም ሳልረሳው በአንድ ቦታ ለመጻፍ ወደድሁ።

ደብተሩን እንድጀምር ያደረገኝ በመንገድ የሰማሁት አንድ ቃል ነው። ከሥራ ወጥቼ መገናኛ ታክሲ ለመያዝ ስጣደፍ፣ አጥር ጥግ የተቀመጡ አንዲት እናት «ስለ ማርያም» ብለው ቢለምኑኝ፣ ፊቴን እንኳ ሳልመልስ «እግዚአብሔር ይስጥዎት» ብያቸው አለፍሁ። እርሳቸውም ከኋላዬ «አሜን» አሉ። ያ አሜን ታክሲ ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥሁ በኋላም ከጆሮዬ አልጠፋም። እርሳቸው የተናገርሁትን እንደ ጸሎት ተቀብለውታል፤ እኔ ግን የተናገርሁት እንዲያሳልፉኝ ነበር። በቦርሳዬ ገንዘብ ነበረ። እግዚአብሔር ለእርሳቸው እንዲሰጥ የለመንሁት፣ እርሱ ለእኔ የሰጠኝን በእጄ ይዤ መሆኑን፣ ቅዱስ ስሙንም ለመለየት እንደሚመች ቃል አድርጌ መጠቀሜን ሳስብ፣ በታክሲው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያየኝ ያህል አፈርሁ።

በዚያ ሌሊት ለራሴ አንድ ሥራ ሰጠሁ። ማታ ማታ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ በቀኑ ውስጥ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ ከተናገርኋቸው ቃላት አንዱን እጽፋለሁ፤ ከሥሩም ለማን እንዳልሁት፣ ስናገረውም ልቤ የት እንደ ነበረ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ያስደነገጠኝ የቃላቱ ብዛት ነው። ጠዋት የቢሮው ጥበቃ «እንደምን አደርሽ» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ሻይ ለምታቀርብልን ልጅ «እግዜር ይስጥልኝ»፤ ለሚያስነጥሰው «ይማርህ»፤ ለወለደችው ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፤ ኀዘን ለደረሰበት «እግዚአብሔር ያጽናህ»፤ ለነገ ቀጠሮ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ»፤ ማታ ስንለያይ «በሰላም ያሳድረን»። አባቶቻችንና እናቶቻችን ጸሎትን ከሰላምታውም፣ ከምስጋናውም፣ ከልቅሶውም ጋር ገምደው ይህን ቋንቋ አስረክበውናል። እንግዲያስ ቀኑን ሙሉ ስጸልይ እውላለሁ ማለት ነው፤ አንዱንም ግን ራሴ አልሰማውም። ለዓመታት «የምጸልይበት ጊዜ አጣሁ» እያልሁ ለንስሐ አባቴ ስናገር መኖሬን በዚህ ሳምንት ሳስታውስ፣ የጎደለኝን ነገር በተሳሳተ ስም ስጠራው እንደ ነበር ተረዳሁ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማንበብ አትችልም ነበር። (ይህን «ነፍሷን ይማር» ስጽፍ ብዕሬን አስቀምጬ፣ ስሟን ጠርቼ፣ ቀስ ብዬ አልሁት።) ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ ስትቆም፣ እኔ ከብርድ ልብሴ ሥር ሆኜ እሰማት ነበር። የምታውቀው አቡነ ዘበሰማያትን፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልንና ጸሎተ ሃይማኖትን ነው። እነርሱን ከጨረሰች በኋላ የእኛን የልጆቿን የክርስትና ስም በየተራ ትጠራለች፤ ከእኛም በኋላ የጎረቤቶቻችንን ታስከትላለች። በመንገድ ስታገኛቸው «እግዚአብሔር ይማርህ» ወይም «ያጽናሽ» ያለቻቸው ሰዎች ሁሉ በማግሥቱ ሌሊት በዚያች ጥግ ስማቸው ሲጠራ ሰምቻለሁ። በልጅነቴ እናቴ ለምን ብዙ ሰው እንደምታስታውስ ይገርመኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ቀን በአፏ ቃል የገባችውን ሌሊት ትፈጽም ነበር።

እኔ ማንበብ የምችለው ልጇ ግን የጸሎት ሕይወቴን በትልቅ ዕቅድ እየጀመርሁ በየጊዜው አቋርጬዋለሁ። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ሲደገም ለሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ለማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ለረቡዕ ከ61 እስከ 80 ያለው መዝሙር ይደርሳል። ሰኞን በጭንቅ እጨርሳለሁ፤ ማክሰኞን ከግማሽ በታች እተወዋለሁ፤ ረቡዕ ላይ ያልደገምሁትን እንደ ዕዳ ቆጥሬ፣ ዕዳው ሲከብደኝ ሁሉንም እተወዋለሁ። ዘንድሮ የንስሐ አባቴ ይህን ሰምተው፣ «ለጊዜው ጠዋት አንድ መዝሙር ይብቃሽ፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ፤ በቀን ውስጥ ደግሞ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን ምረጪና እርሱን አትልቀቂ» አሉኝ። የመረጥሁት ዘጠኝ ሰዓትን ነው።

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከወንጌሉ ጋር አንድ መሆኑን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ በታላቅ ድምፅ የጮኸው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በቢሮዬ ግድግዳ ላይ ያለውም ሰዓት ዘጠኝ ሲል ያንኑ ሰዓት ይናገራል፤ ማስላት አያስፈልገኝም። ሥራዬን ለአፍታ አቁሜ፣ ወደ ደረጃው ወጣ ብዬ አቡነ ዘበሰማያትን እደግማለሁ። በጾሙ መካከል አንድ ቀን ስለዚህ ሰዓት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ሳነብ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ በጸሎት ጊዜ በዘጠኝ ሰዓት ወደ መቅደስ ሲወጡ በበሩ ላይ የሚለምን ሽባ እንዳገኙ፣ ጴጥሮስም አስቀድሞ ትኵር ብሎ እንደ ተመለከተውና «ወደ እኛ ተመልከት» እንዳለው አገኘሁ። ተኣምሩን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ፤ ትኵር ብሎ መመልከቱን ግን ገና ማየቴ ነው። በዚያው ሳምንት ወደ መገናኛ ስወርድ እኒያን እናት ፈለግኋቸው። በቦታቸው ነበሩ። አጠገባቸው ጎንበስ ብዬ በእጄ ያለውን ሰጠኋቸውና ስማቸውን ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝም። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ በሌለኝ ቀን «እማማ፣ ዛሬ አልያዝሁም፤ እግዚአብሔር ይስጥዎት» ስላቸው ዓይናቸውን እያየሁ ነው፤ ስማቸውም በማታው ጸሎቴ ውስጥ አለ። ጥቂት ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። በወንጌል የምናነበው ሕሙም መጻጕዕ 38 ዓመት ተኝቶ ኖሮ ጌታን ያለው «ሰው የለኝም» ነበርና፣ በመጻጕዕ እሑድ ይህ ቃል ሲነበብ በጉባኤው መካከል ሆኜ እርሳቸውን አሰብሁ።

ሌላም ገጽ አለ። በቢሮ ከእኔ ጋር የሚሠራ ሰው አባቱ አርፈው፣ ሁላችንም ለቅሶ ደርሰን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብለን ተመለስን። በዚያ ማታ ቃሉን በደብተሬ ስጽፈው ከሥሩ የምጽፈው ጠፋኝ። እንዲያጸናው ያልሁት አምላክ ዘንድ ስለ እርሱ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆምሁም ነበር። ወደ ሥራ ሲመለስ ጠጋ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ የአባትህ የክርስትና ስም ማን ይባላል? በጸሎት ላስባቸው ፈልጌ ነው» አልሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ነገረኝ፤ ከዚያም ስለ አባቱ ያላወራኝን ብዙ ነገር ቆሞ አጫወተኝ። እስከ ዐርባው ድረስ በየዕለቱ ለመጥራት አስቤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ረስቻለሁ፤ ያንንም ጽፌዋለሁ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። በአምስተኛው ሳምንት ደብተሩን ወደ ኋላ ሳገላብጥ፣ እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ያልተጻፈ ቃል እንዳለ አስተዋልሁ፤ እርሱም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ነው። ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ የተናገርሁት ከአምስት ዓመት በፊት፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ ለታላቅ እኅቴ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ በቤቱ ምክንያት ተጣልተን፣ ሽማግሌዎቹ ብዙ ደክመው አስታርቀውን፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለን፣ ተሳስመን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን በስልክ «እንኳን አደረሰሽ» ከመባባል ያለፈ ነገር በመካከላችን የለም። ጉዳዩን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ ብዬ በስሙ ከተናገርሁ በኋላ በልቤ ይዤው አምስት ፋሲካ አሳልፌያለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ «በደላችንን ይቅር በለን፤ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ብያለሁ።

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኋቸው። ረጅም ምክር ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን «በየቀኑ በክርስትና ስሟ ጸልዪላት፤ በጸሎትሽ ውስጥ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አትናገሪ» ብቻ አሉኝ።

ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብሁም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስሟን ጠርቼ ስጀምር፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልሄድ ጸሎቴ ክስ ይሆንብኛል፤ «ልቧን መልስላት» እላለሁ፣ ማለት የፈለግሁት ግን ጥፋቷን አሳያት ነው። ስለ ቤቱ መናገር ሲከለከልብኝ የምለው አጣሁ። ስሟን ጠርቼ ዝም ብዬ የቆምሁበት ማታ አለ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሌላ ነገር መምጣት ጀመረ፤ ስኳር እንዳለባት፣ በየቀኑ መርፌ እንደምትወጋ፣ ጾሙን እንዴት እንደምትይዘው እንደማላውቅ፤ ልጅ ሳለሁ ወንዙን በጀርባዋ አዝላ ታሻግረኝ እንደ ነበር። የምለምንላት ነገር ሲገኝ ደግሞ አለቀስሁ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ስለ እርሷ የማውቀው ቤቱን ብቻ አድርጌው ነበርና። የክርስትና ስሟን የማውቀውም እናቴ በዚያች ጥግ ቆማ፣ የእርሷንና የእኔን አስከትላ ስትጠራ ስለሰማሁ ነው።

ከሰኞ ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ የለም። ይሁዳ በመሳም አሳልፎ ሰጥቶታልና አንሳሳምም፤ መስቀልም አንሳለምም፤ ለሞተ ሰው የሚደረገው ጸሎተ ፍትሐት በዚህ ሳምንት ስለማይደረግም ነገ በሆሣዕና ለሁላችንም አስቀድሞ ይደረግልናል። ዛሬ ደብተሩን አንብቤ ስጨርስ፣ ያ ዝምታ ከመግባቱ በፊት የምደውልላት ማታ ይህ ብቻ እንደ ቀረኝ አሰብሁ። በዓል ባልሆነ ቀን ደውዬላት አላውቅም። ስልኩን ስታነሣ ደንግጣ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ምንም አልሆንሁም፤ እትዬ፣ እንደምን አመሸሽ?»

ትንሽ ቆየች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

«ስኳሩስ? ጾሙ አልከበደሽም?»

የንስሐ አባቷ እንዳትጾም አዝዘዋት እንደ ነበር፣ እርሷ ግን በግድ አስፈቅዳ ረቡዕና ዓርብን ብቻ እንደያዘች ነገረችኝ። ስለ መድኃኒቷ፣ ስለ ልጇ ትምህርት አወራን። ቤቱን አላነሣነውም፤ አንድ ቀን ማንሣታችን እንደማይቀር ሁለታችንም የምናውቅ ይመስለኛል። ስንሰነባበት «በሰላም እደሪ» አልኋት፤ «አሜን፣ አንቺንም በሰላም ያሳድርሽ» አለችኝ።

የዛሬው ገጽ ላይ የጻፍሁት ይህን ቃሏን ነው። ከሥሩ «ሰማሁት» ብዬ ጨመርሁ፤ አሁን ተነሥቼ ስሟን ልጥራ።